የትንሽ ከተማ ታሪክ በየትኛው ሣጥን ውስጥ ነው?

አንድ ሰው ቤተ መዛግብት ይገባና «የከተማዬን ታሪክ ፈልጌ ነበር» ይላል። ሠራተኛው ፈገግ ይላል። ይሄን ጥያቄ ስንት ጊዜ ሰምቶታል። ከዚያ «የየትኛውን መሥሪያ ቤት ሰነድ ነው የፈለጉት?» ብሎ ይጠይቃል። ሰውዬው ግራ ይገባዋል። መሥሪያ ቤት ምን አገባው? ታሪክ ነው የፈለገው።

ብዙ ሰው ፍለጋውን ጥሎ የሚወጣው እዚህች ጋ ነው። የሚቆጨው ደግሞ ሠራተኛው በዚያች ጥያቄ ቁልፉን እያቀበለው መሆኑ ነው።

የነገሩ ሥር እንዲህ ነው። እዚያ መደርደሪያ ላይ ካለው ወረቀት አንዱም ለእኛ ተብሎ አልተጻፈም። ግብር ሰብሳቢው የጻፈው ገንዘቡን ለመቀበል ነው። ጸሐፊው ቃለ ጉባኤ የያዘው ነገ «እንዲህ አላልኩም» የሚል እንዳይመጣ ነው። ቄሱ ያጠመቀውን መዘገበ፣ ዳኛው የፈረደውን ጻፈ፣ ኢንሹራንሱ የሚቃጠለውን ቆጠረ። ሁሉም የራሱን ሥራ ሠርቶ ወረቀቱን በራሱ ተራ አስቀመጠ። ቤተ መዛግብቱም የተረከበው ከነተራው ነው።

ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። ከፈረንሳይ አብዮት በኋላ የፓሪስ መዝገብ ጠባቂዎች ላይ የተወረሰ ወረቀት እንደ ናዳ ወረደባቸው። የነገሥታቱም፣ የገዳማቱም፣ የፍርድ ቤቶቹም መጣ። እነሱም በርዕስ በርዕሱ ሊደለድሉት ሞከሩ። ሐሳቡ ሲሰሙት ያስደስታል። ችግሩ አንድ ደብዳቤ ስለ ድልድይ ጀምሮ ስለ ግብር ቀጥሎ በጠብ ሊያልቅ ይችላል። የት ይቀመጥ? መልሱን ከጥያቄው ከነጠላችሁት ደግሞ ማን ለማን፣ ለምን እንደጻፈው አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ በ1841 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የፈረንሳይ አገር ግዛት ሚኒስቴር ለየአውራጃው ቤተ መዛግብት መመሪያ ላከ። ከአንድ አካል የመጣ ወረቀት አንድ ላይ ይቀመጥ፣ ከሌላው ጋር አይቀላቀል አለ። ፈረንሳዮች ጥቅሉን «ፎንድ» ይሉታል። በ1881 ደግሞ የፕሩሲያ ቤተ መዛግብት በጥቅሉ ውስጥ ያለው ወረቀትም ባለቤቱ የሰጠው ተራ እንዳይነካ ደነገገ። ዛሬ አብዛኛው የዓለም ቤተ መዛግብት በእነዚህ ሁለት ደንቦች ይሠራል።

እንግዲህ ጥያቄውን መገልበጥ ነው። «ስለ ምን?» ማለቱን ተዉትና «ይሄ ነገር የማን ራስ ምታት ነበር?» በሉ።

ለምሳሌ አንድ አሮጌ ድልድይ እንውሰድ። «ድልድይ» የሚል ሣጥን ላታገኙ ትችላላችሁ። ግን ይሠራ ብሎ የወሰነ ምክር ቤት ነበር፤ ቃለ ጉባኤ ይኖረዋል። ኮንትራት የወሰደ ሰው ነበር፤ ውል ይኖረዋል። ገንዘብ ወጥቷል፤ የሒሳብ መዝገብ ውስጥ ይታያል። መሬቱ የተነካበት ሰው ከስሶ ይሆናል፤ ፍርድ ቤት ሂዱ። ጎርፍ ወስዶት ከሆነማ የሁሉም ደብዳቤ አለ። ሰው ነገር ሲሰምርለት ብዙ አይጽፍም፤ ወረቀት የሚበዛው ነገር ሲበላሽ ነው። እኔ ብጠየቅ፣ ድልድዩ የተመረቀበትን ቀን ከመፈለግ የተደረመሰበትን መፈለግ ይቀላል።

ዝርዝሩም የራሱ ጠባይ አለው። እንደ ቤተ መጻሕፍት ካታሎግ ነጠላ ነጠላውን አይቆጥርም። መጀመሪያ ጥቅሉን ይናገራል፤ የከተማው ምክር ቤት ሰነድ ይላል። ከዚያ ዘርፉን ይለያል፤ ቃለ ጉባኤ፣ ሒሳብ፣ ደብዳቤ። ከዚያ ፋይሉን ወይም ሣጥኑን። ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ያቆማል። ሣጥኑ ውስጥ አራት መቶ ወረቀት ቢኖር «ልዩ ልዩ ደብዳቤዎች» ብሎ ያልፈዋል። እኔ «ልዩ ልዩ» የሚለውን ሣጥን ሳይ ዓይኔ ይበራል። ባለሙያው ለመለየት ጊዜ ያጣለት፣ ከእኔ በፊት የመጣውም ሰው የዘለለው እሱ ነው። ኢንተርኔት ላይ የሚታየው ደግሞ ከዝርዝሩም ያንሳል። ስካን የተደረገው ከጠቅላላው ጥቂቱ ነው። ጎግል አላገኘውም ማለት የለም ማለት አይደለም።

ስም ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ካናዳ፣ ኦንታሪዮ ውስጥ ኪችነር የምትባል ከተማ አለች። እስከ 1916 ድረስ ስሟ በርሊን ነበር። ብዙው ነዋሪዋ የጀርመን ዘር ነውና። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ስሙ መዘዝ ሆነና በዚያው ዓመት በሞተው የእንግሊዝ የጦር ሹም ስም ተተካ። ከዚያ በፊት የነበረውን ታሪክ «ኪችነር» ብሎ የሚፈልግ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። «በርሊን» ብሎ ከፈለገ ደግሞ የጀርመን ዋና ከተማ ታጥለቀልቀዋለች። ድንበር የተለዋወጠበት ቦታ ይብሳል። የዛሬዋ የዩክሬን ከተማ ልቪቭ በኦስትሪያ ዘመን ሌምበርግ፣ በፖላንድ ዘመን ልቩፍ፣ በሶቪየት ዘመን ልቮቭ ነበረች። እሷስ ትልቅ ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያሉት ትንንሾቹ ግን ዕጣቸው ያው ነበር። ወረቀታቸውም ገዢውን ተከትሎ ቪየናና ዋርሶ ድረስ ተበትኗል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት አንድ ወረቀት አውጡና ከተማዋ በየዘመኑ ማን ተብላ እንደተጠራች፣ በማን ሥር እንደነበረች ጻፉ። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ግን ወራት ያተርፍላችኋል።

ለጀማሪ ከሁሉ አስቀድሜ የምመክረው ሰነድ የእሳት ኢንሹራንስ ካርታ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሳንቦርን የተባለ ቀያሽ በ1867 ያቋቋመው ድርጅት ከ12,000 በላይ ከተሞችን ቤት ለቤት ስሏል። የኢንሹራንሱ ጥያቄ አንዲት ብቻ ነበረች፤ ይሄ ቤት ቢቃጠል ጎረቤቱስ? ስለዚህ ካርታው ለእሳት የሚመለከተውን ሁሉ ይዘረዝራል። የጡብ ቤት ሮዝ ይቀባል፣ የእንጨት ቢጫ፣ የድንጋይ ሰማያዊ። ፎቁ ስንት እንደሆነ፣ ጣሪያው ከምን እንደተሠራ፣ የውኃ ቧንቧው በየት እንደሚያልፍ ይጽፋል። መለኪያው ሃምሳ ጫማን በአንድ ኢንች ስለሆነ ከዋናው ቤት ኋላ ያለችው ትንሽ በረት እንኳ አትቀርም።

ከተማዋ በተለወጠች ቁጥር ድርጅቱ አዲስ ካርታ አያትምም ነበር። የተለወጠውን ቤት ብቻ በቁራጭ ወረቀት አትሞ ይልክና በአሮጌው ላይ ይለጠፋል። ልጣፍ በልጣፍ ላይ ሲደራረብ አንዳንዱ ገጽ ይወፍራል። ከሥር በረት ነበረ፤ ከላዩ ጋራዥ ተለጠፈበት። ፈረሱ ሄዶ መኪና እንደመጣ ማንም አልጻፈም፤ ልጣፉ ግን ይናገራል። ሁለት ካርታ፣ አሥር ዓመት ተለያይተው የወጡ፣ ጎን ለጎን ዘርጉና አንድ መንገድ ብቻ ተከተሉ። ቢጫው ወደ ሮዝ ከተቀየረ ወይ እሳት ነበር ወይ ገንዘብ መጥቷል። ከዚያ የዚያን አሥር ዓመት ጋዜጣ ፈልጉ። ጋዜጣን በደፈናው ማገላበጥ ዕድሜ ይጨርሳል፤ ዓመቱን ይዞ መሄድ ግን ሌላ ነገር ነው።

ካርታው ይሉኝታም አለው። ብዙ ከተማ ላይ ሴተኛ አዳሪ ቤቶቹን «የሴቶች ማረፊያ» እያለ ያልፋቸዋል። ቀያሹ ያውቃል። ኢንሹራንሱ ያውቃል። ከመቶ ዓመት በኋላ የሚያነበው ሰው ብቻ «እንዴት ያለች ለሴቶች የምታስብ ከተማ!» ብሎ ይደነቃል።

ካርታው ላይ ሰው የለም። ቤት እንጂ ባለቤት አይታይም። ለሰው ቆጠራ ያስፈልጋል።

እንግሊዝ በየአሥር ዓመቱ መቁጠር የጀመረችው በ1801 ነው። የሰዉ ሁሉ ስም ተጽፎ እንዲቀመጥ የተደረገው ግን ከ1841 ወዲህ ነው። በዚያ ዓመት ለቆጣሪዎቹ አንድ ትእዛዝ ተሰጠ። ከ15 በላይ የሆነውን ሰው ዕድሜ ወደ ታች፣ በአምስት ወደሚካፈለው ቁጥር አውርዱት ተባሉ። 39 ዓመት የሆናት ሴት 35 ተብላ ተጻፈች። ይህን የማያውቅ ሰው በ1851ዱ ቆጠራ 49 ሆና ያገኛትና «ይቺ ሌላ ሴት ናት» ብሎ ያልፋታል። ወይም ዕድሜዋን ደብቃለች ብሎ ያማታል። እሷ ምን አደረገች? መመሪያው ነው።

ቆጠራ ወዲያው አይከፈትም። የተቆጠረው ሰው በሕይወት ሊኖር ይችላልና። እንግሊዝ መቶ ዓመት ትጠብቃለች፤ የ1921ዱ የወጣው በ2022 መጀመሪያ ላይ ነው። አሜሪካ 72 ዓመት ነው የምትጠብቀው፤ የ1950ው የወጣው በዚያው በ2022 በኤፕሪል ነው። ጨርሶ የማይከፈትም አለ። የአሜሪካ የ1890 ቆጠራ አብዛኛው በ1921 በተነሣ እሳትና እሳቱን ለማጥፋት በተረጨው ውኃ ተበላሸ። የእንግሊዝና ዌልስ የ1931ዱ በ1942 ተቃጠለ፤ የ1941ዱ ደግሞ በጦርነቱ ምክንያት አልተካሄደም። አያቱን በእነዚህ ዓመታት የሚፈልግ ሰው ሌላ በር ያንኳኳል።

ከቆጠራ በፊት ላለው ዘመን ዋናው በር የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ነው። እንግሊዝ ውስጥ በ1538 የንጉሡ ሹም ቶማስ ክሮምዌል እያንዳንዱ አጥቢያ ጥምቀት፣ ጋብቻና ቀብር እንዲመዘግብ አዘዘ። ቃላቱን ልብ በሉ። ጥምቀት ልደት አይደለም፣ ቀብርም ሞት አይደለም። ሳይጠመቅ የሞተ ሕፃን መዝገቡ ላይ ላይኖር ይችላል። ከቤተ ክርስቲያኗ ያፈነገጠ ቤተሰብ እዚያ አይጠመቅም። መንግሥት ራሱ ልደትና ሞት መመዝገብ የጀመረው በ1837 ነው። በመሀሉ ያሉትን ሦስት መቶ ዓመታት የምናያቸው በቄሱ መስኮት በኩል ነው።

መስኮት ካልን አይቀር፣ በዚያው አገር ከ1696 እስከ 1851 መስኮት ግብር ይከፈልበት ነበር። ቤትህ ብዙ መስኮት ካለው ሀብታም ነህ፣ ክፈል ነው ነገሩ። ሰዉም ምን አደረገ? መስኮቱን በጡብ ደፈነው። የግብር መዝገቡ ላይ የአንድ ቤት መስኮት ቁጥር በአንድ ጊዜ ሲያሽቆለቁል ስታዩ ቤቱ አልጠበበም፤ ባለቤቱ ብልጥ ሆኗል። ከአንዳንዱ አሮጌ ቤት ግድግዳ ላይ ያ የተደፈነ መስኮት ዛሬም ይታያል። ግን ተጠንቀቁ፤ ግንበኞች ለግድግዳው መልክ ብለው ከመጀመሪያው የውሸት መስኮት የሚሠሩበትም ጊዜ ነበር። የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚለየው መዝገቡ ነው።

ተራ ሰው ሲናገር መስማት ከፈለጋችሁ ግን ፍርድ ቤት ሂዱ። ከዚህ የሚበልጥ ቦታ አላውቅም።

በደቡብ ፈረንሳይ፣ ፒሬኔ ተራሮች ውስጥ ሞንታዩ የምትባል መንደር አለች። በ14ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ 250 ያህል ሰው ይኖርባት ነበር። የፓሚዬው ጳጳስ ዣክ ፉርኒዬ ከ1318 እስከ 1325 መናፍቅ ሲያሳድድ የመንደሯን ሰዎች እየጠራ መረመረ። ሰውዬው ትዕግሥቱ ለጉድ ነው። የጠየቀው ስለ እምነት ቢሆንም መልሱ በቤት፣ በጎረቤት፣ በፍቅር ዞሮ ነው የሚመጣው። ማን በማን ምድጃ ዳር ተቀምጦ ምን እንዳለ፣ እረኛው መንጋውን ይዞ የት እንደወረደ፣ ማን የማንን ቅማል እንደለቀመ ሁሉ ተጻፈ። ጳጳሱ በ1334 ቤኔዲክት 12ኛ ተብሎ የሮም ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሆነ። መዝገቡ ዛሬ ቫቲካን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው ያለው። ስለ ብዙ ታላላቅ ከተሞች የማናውቀውን ስለዚህች መንደር እናውቃለን።

ታዲያ ይህን እንደ ወዳጅ ወግ ማንበብ ሞኝነት ነው። ሰዎቹ የተናገሩት በኦክሲታን ቋንቋ ነው፤ የተጻፈው በላቲን። በመሀል ጸሐፊ አለ። ከዚያም በላይ የሚናገሩት ፈርተው ነው። ጎረቤቱን ካላወጣ እሱ የሚታሰር ሰው ምን እንደሚል ገምቱ። ምርመራ ላይ የተባለ ነገር ሁሉ ሁለት ጊዜ ይነበባል። አንዴ ለተባለው፣ አንዴ ለምን እንደተባለ።

የእንግሊዝ ድሆችም እንዲሁ በምርመራ ነው የተገኙት። በ1662 የወጣ ሕግ ድሃን የመርዳት ግዴታ ያለበት የራሱ አጥቢያ ነው አለ። ስለዚህ አንድ ሰው በሰው አገር ሲቸገር ዳኛ ፊት አቅርበው ይጠይቁታል። የት ተወለድህ? ማን ዘንድ ተቀጠርህ? ስንት ጊዜ ቆየህ? መቼ አገባህ? ዓላማቸው ወጪውን ወደ ሌላ አጥቢያ መግፋት ነበር። ሳያስቡት ግን ፊርማውን እንኳ መጻፍ ለማይችል ሰው በግማሽ ገጽ የሕይወት ታሪክ ጻፉለት።

ሴቶች ግን ከዚህም ያነሰ ነው የሚገኙት። መሬቱ በባል ስም ነው፣ ግብሩ በባል ስም፣ ክሱ በባል ስም። እዚህ ላይ የማርታ ባላርድን ነገር ሳልናገር አላልፍም። አሜሪካ፣ ሜይን ውስጥ ሃሎዌል በምትባል ትንሽ ከተማ የኖረች አዋላጅ ናት። ከ1785 እስከ 1812 በየቀኑ ለማለት በሚቻል ሁኔታ ማስታወሻ ጽፋለች። 816 ሕፃናት በእጇ ወጥተዋል። የአየሩ ጠባይ፣ የተሻገረችው ወንዝ፣ ማን እንደወለደች፣ ማን እንዳልከፈላት፤ እንዲህ እንዲህ ያለ ነገር ነው። ቀድመው ያዩት ታሪክ ጸሐፊዎች ተራ የጓዳ ወሬ ነው ብለው ገፉት። ሎረል ታቸር ኡልሪች የተባለች ታሪክ ጸሐፊ ግን ከከተማዋ መዝገብና ከፍርድ ቤቱ ፋይል ጎን አስቀምጣ አነበበችው። የወንዶቹ የሒሳብ መዝገብ የማይጠቅሰው የሴቶች ገበያ ብቅ አለ። ሴቶቹ ይሸምናሉ፣ ይቀያየራሉ፣ ይበዳደራሉ። ሥራው በ1990 ታትሞ በማግሥቱ ዓመት የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ። ያው «የጓዳ ወሬ» ነው።

አሁን ወደ ሙዚየሙ እንሻገር። የትንሽ ከተማ ሙዚየም ሲገቡ ዓይን የሚይዘው መስታወት ውስጥ ያለው ዕቃ ነው። እኔ ቶሎ ብዬ የማየው ቁጥሩን ነው። ዕቃው ጥግ ላይ በቀጭኑ የተጻፈች ነገር ትኖራለች፤ ለምሳሌ 1987.12.3። በብዙ ሙዚየም አጻጻፍ ይህ ማለት ዕቃው የገባው በ1987 ነው፣ በዚያ ዓመት ከመጡት 12ኛው ርክክብ ነው፣ ከርክክቡም ሦስተኛው ዕቃ ነው። ያቺን ቁጥር ይዛችሁ የገቢ መዝገቡን ብትጠይቁ ማን እንደሰጠው፣ ሲሰጥ ምን እንዳለ ታገኛላችሁ። ቁጥር አንድና ሁለትስ ምን ነበሩ? አንዳንዴ ሰይፉ መስታወት ውስጥ ሆኖ አብሮት የመጣው ደብዳቤ ምድር ቤት ካርቶን ውስጥ ተረስቶ ይገኛል። ዕቃው ያለ ፋይሉ ዲዳ ነው።

ፋይሉ ደግሞ ሁሌ እውነት አይናገርም። «የቅድመ አያቴ ሰይፍ ነው፣ በእገሌ ጦርነት ይዞት ዘምቷል» ብሎ የሰጠ ሰው የሰማውን ነው የተናገረው። መዝገቡ የሚያረጋግጠው እንዲህ መባሉን ነው። ሰይፉ ላይ ያለው የፋብሪካ ማኅተም ከጦርነቱ በኋላ የመጣ ከሆነ ቤተሰቡ አልዋሸም፤ ወሬው ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ አድጓል። እንዲያውም ያ ማደጉ ራሱ ታሪክ ነው። ቤተሰቡ በምን መኮራት እንደፈለገ ያሳያል።

ከዚህ የሚከብደው ምን እንዳልተሰጠ ማየት ነው። የሙሽራ ቀሚስ በየሙዚየሙ ሞልቷል። የልብስ አጣቢዋ ሽርጥ የት አለ? ሰው የሚያስቀምጠው ጥሩውን ነው። የሥራ ልብስ ተለብሶ፣ ተጥፎ፣ መጨረሻ ላይ መወልወያ ይሆናል። ጎብኚዎች አሮጌ ቀሚስ እያዩ «የድሮ ሰው እንዴት ትንሽ ነበር!» ይላሉ። የቀሚሱ ማነስ አንዱ ምክንያት ግን ሌላ ነው። ሰፊው ልብስ ተቀዶ ለሌላ ተሰፋ። ጠባቡ ለማንም አልሆነምና ሣጥን ውስጥ ቀረ። እና መስታወቱ ውስጥ ያለችው ከተማ ሁሌ ከእውነተኛዋ የለበሰችና የቀጠነች ናት።

ፎቶግራፍ ስታገኙ ፊቱን ከማየታችሁ በፊት ጀርባውን ገልብጡ። በካርቶን ላይ የተለጠፈችው ትንሽ ፎቶ በ1854 ዲዝዴሪ በተባለ የፓሪስ ፎቶ አንሺ የባለቤትነት መብት የተመዘገበች ናት፤ በ1860ዎቹ እንደ ወረርሽኝ ተዛመተች። ጀርባዋ ላይ የፎቶ ቤቱ ስምና አድራሻ ይታተማል። የከተማውን የንግድ ማውጫ ከፍታችሁ ያ ፎቶ ቤት በዚያ መንገድ ላይ ከመቼ እስከ መቼ እንደነበረ ካያችሁ ፎቶውን በጥቂት ዓመታት ውስጥ አጠበባችሁት ማለት ነው። የአሜሪካ ከሆነችና ጀርባዋ ላይ የግብር ቴምብር ካለ ደግሞ ዕድለኛ ናችሁ። ያ ግብር የቆየው ከሴፕቴምበር 1864 እስከ ኦገስት 1866 ብቻ ነው። ስሟን ለማታውቋት ሴት ዓመቷን አገኛችሁላት።

ቀን ራሱ ያሳስታል። እንግሊዝ እስከ 1752 ድረስ ዓመቱን የምትቀይረው በማርች 25 ነበር። አንድ ባልና ሚስት በጁን 1700 ተጋብተው ልጃቸው በፌብሩዋሪ 1700 ተጠመቀ የሚል መዝገብ ብታገኙ ልጁ ከሠርጉ በፊት የተወለደ ይመስላችኋል። በዛሬው የአውሮፓ አቆጣጠር ፌብሩዋሪው የ1701 ነው። ከሠርጉ ስምንት ወር በኋላ መሆኑ ነው። ስምንት ወር… እሱ ሌላ ወሬ ነው። በ1752 ደግሞ አቆጣጠሩ ሲቀየር ከሴፕቴምበር 2 ቀጥሎ 14 መጣ። በመካከሉ ባሉት ቀናት እዚያ አገር ተጻፈ የሚል ሰነድ ካያችሁ ጠርጥሩ።

«የከተማችን ወረቀት እኮ ተቃጥሏል» የሚሉም አሉ። ይህን ሲሰማ ተስፋ የማይቆርጥ የለም። ግን የአየርላንድን አስቡ። በ1922 ደብሊን ውስጥ የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲጀመር የአገሪቱ ቤተ መዛግብት ጋየ። የሰባት መቶ ዓመት ሰነድ አብሮ ሄደ። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ2022፣ ተመራማሪዎች ከጠፋው ጥቂት የማይባለውን በሌላ መንገድ ሰብስበው በኢንተርኔት ከፈቱት። ከየት አመጡት? ደብዳቤ ሁለት ጫፍ አለው። ላኪው ዘንድ የተቃጠለው ተቀባዩ ዘንድ ይኖራል። ግልባጭ ለንደን ሄዶ ነበር፤ ከእሳቱ በፊት የገለበጡ ሰዎችም ነበሩ። ለትንሽ ከተማም ዘዴው ያው ነው። ከንቲባው ለክፍለ ሀገሩ የጻፈው ክፍለ ሀገሩ ጋ ፈልጉት። ሚስዮኑ ለዋና መሥሪያ ቤቱ የጻፈው ባሕር ማዶ ነው። የባቡር ድርጅቱ የጣቢያውን ሥዕል ያስቀመጠው ራሱ ጋ ነው።

የንባብ ክፍሉን ነገር ባጭሩ ላውራው። እስክሪብቶ አይገባም፤ እርሳስ ያዙ። ቦርሳ ውጭ ይቀራል። ፊልም ላይ የምታዩትን ነጭ ጓንት እርሱት። ለፎቶግራፍ ይጠቅማል፤ ለወረቀት ግን የታጠበ፣ የደረቀ እጅ ይሻላል፣ ጓንት ጣትን ያደነዝዝና ገጹን ያስቀድዳል። የ1500 ሰነድ ጠንካራ ሆኖ የ1890 ጋዜጣ በእጃችሁ ቢፈረፈር አትደንግጡ። የድሮው ወረቀት ከጨርቅ የተሠራ ነው፤ በ19ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ወዲህ ከእንጨት መሠራት ሲጀምር አሲድ ገባበት፣ ራሱን በራሱ ይበላል። የእጅ ጽሑፍ ካቃታችሁ ከአሮጌው አትጀምሩ። ከቅርቡ ጀምራችሁ ወደ ኋላ ሂዱ። የአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊዎች አንዱ ከሌላው ነው የሚማሩት፣ ፊደሉ ቀስ እያለ ነው የሚለወጠው፤ ዓይናችሁም አብሮ ይለምዳል።

አንድ ጥፋቴን ልናገር። አንድ ቀን ሊዘጋ ሲል ቸኩዬ ሁለት መቶ ገጽ ያህል በስልኬ አነሣሁ። ቤት ገብቼ ስከፍት የትኛው ገጽ ከየትኛው ሣጥን እንደሆነ አላውቅም። ሁሉም ቡናማ ወረቀት ነው። ተመልሼ እንደገና ሁሉንም አስወጣሁ፤ የሠራተኛዋን ፊት ባታዩት ይሻላል። ከዚያ ወዲህ ከማንኛውም ነገር በፊት የሣጥኑን መለያ ቁጥር ነው የማነሣው፣ ቀጥሎ የፋይሉን ሽፋን፣ ከዚያ ገጹን።

ምንም ያላገኛችሁበትንም ጻፉ። ቀኑን፣ የሣጥኑን ቁጥር፣ የፈለጋችሁትን ስም፣ ከጎኑ «የለም»። እዚያች ላይ እኔም ሰነፍ ነኝ። በስድስት ወር ውስጥ አንዱን ሣጥን ሦስት ጊዜ አስወጥቼ፣ ሦስቱንም ጊዜ በጉጉት ከፍቼዋለሁ።